ያልተነገረ ምክንያት፣ ያልታየ ድካም፦ የቪዲዮ ዳኝነትና የተጫዋቾች ድካም በከሚሴ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ክርክር

አጠቃሎ

የቪዲዮ ረዳት ዳኛ፣ በደጋፊው አጠራር «ቫር»፣ በእግር ኳስ ሕግ ውስጥ በይፋ ሲገባ የዳኝነት ስሕተት እንደሚቀንስና ክርክርም እንደሚበርድ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ክርክሩ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልበረደም። ይህ ጽሑፍ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንንና ዋና ከተማዋን ከሚሴን መነሻ አድርጎ፣ ደጋፊዎች አዘውትረው የሚከራከሩባቸውን ሁለት ጉዳዮች፣ ማለትም የቪዲዮ ዳኝነትንና የተጫዋቾችን ድካም፣ በአንድነት ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለቱ ጉዳዮች ሥራቸው አንድ ነው የሚል ነው። በቪዲዮ ዳኝነት ውሳኔው ይታያል፣ ምክንያቱ ግን አይሰማም፤ በድካም ረገድ ደግሞ ውጤቱ ይታያል፣ መንሥኤው ግን ከካሜራ ይሰወራል። ደጋፊው የሚከራከረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ትንተናው የተመሠረተው በጨዋታው ሕግ፣ በይፋ በሚታወቁ ጨዋታዎችና በታተሙ የስፖርት ሳይንስ ግኝቶች ላይ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ፣ የተጫዋቾች ድካም፣ ሽምግልና፣ ደጋፊዎች፣ ከሚሴ

1. መግቢያ

የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ የቪዲዮ ዳኝነትን ለሙከራ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሲሆን፣ በጨዋታው ሕግ ውስጥ በይፋ ያካተተው ከሁለት ዓመት በኋላ በመጋቢት 2018 ነው። በዚያው ዓመት በሩሲያ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ አሠራሩን በመጠቀም የመጀመሪያው ሆነ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ2019/20 የውድድር ዘመን ጀምሮ ተቀበለው። በአፍሪካ ዋንጫ በ2019 ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ፣ በካሜሩን በተካሄደው ቀጣዩ ውድድር ደግሞ በሁሉም ጨዋታዎች ሥራ ላይ ዋለ።

ካሜራው ከበዛ፣ ድግግሞሹ ከቀረበ፣ መስመሩም ከተሠመረ በኋላ ክርክሩ ለምን አላቆመም? ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው ደጋፊ ወገንተኛ ስለሆነ ምንም ቢያይ አያምንም የሚል ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ራሱ ገና ፍጹም አይደለም የሚል ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ሆኖም ደጋፊው በቡድኑ ላይ የተላለፈን ትክክለኛ ውሳኔ አንዳንዴ ያለ ማንገራገር የሚቀበልበትን፣ ለቡድኑ የተሰጠን ውሳኔ ደግሞ አንዳንዴ የሚጠራጠርበትን ምክንያት አያስረዱም። ይህ ጽሑፍ ሦስተኛ መልስ ያቀርባል፦ ክርክሩ በውሳኔው ትክክለኛነት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ውሳኔው ምክንያቱን ይዞ መምጣት አለመምጣቱ ላይ ጭምር ነው።

2. የመመልከቻው ቦታና ሁኔታ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ዞኑ ደዋ ጨፋን፣ ባቲን፣ ደዌ ሐረዋን፣ አርጡማ ፉርሲንና ጅሌ ጥሙጋን ያቅፋል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። አፋን ኦሮሞ የቤት፣ የትምህርትና የአስተዳደር ቋንቋ ሲሆን፣ አማርኛ በገበያና በመንገድ እኩል ይሰማል፤ በሰንበቴና በባቲ ገበያዎች ደግሞ የአርጎባና የአፋር ሰዎችም ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንድ የኳስ ክርክር በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላ ቋንቋ ሊያልቅ ይችላል።

እንደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በዚህም የአውሮፓ እግር ኳስ በብዛት የሚታየው በግል ቤት ሳይሆን በማሳያ ቤት፣ በተለምዶ «ዲኤስቲቪ ቤት» በሚባለው፣ ተመልካች የመግቢያ ከፍሎ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ነው። ይህ ሁኔታ ለክርክሩ ሁለት ጠባዮች ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ተመልካቹ ተቃራኒ ቡድን ከሚደግፍ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጡ ነው። በስታዲየም ደጋፊዎች በወገን ተለይተው ሲቀመጡ፣ በማሳያ ቤት ግን ክርክሩ ፊት ለፊት ነው፤ ማግስቱንም በገበያና በሥራ ቦታ ይቀጥላል። ስለዚህ ተከራካሪው ድምፅ ማሰማት ብቻ ሳይሆን ማሳመንም ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው ጠባይ የቋንቋ ነው። የቪዲዮ ምርመራ ሲካሄድ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥቂት ቃላት ማስታወቂያ ነው፤ ግብ እየተጣራ መሆኑን፣ ምናልባትም ከጨዋታ ውጪ ተጠርጥሮ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያም ውሳኔው ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ምክንያት የሚሠራው ቤቱ ራሱ ነው። ሕጉን የሚያውቅ ያስረዳል፣ የማያውቅ ይጠይቃል፣ የሚጠራጠር ይሞግታል።

3. ካሜራው የሚለካውና የሚገምተው

በሕጉ መሠረት የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ጣልቃ የሚገባው በአራት ጉዳዮች ብቻ ነው፦ ግብ መሆን አለመሆን፣ ፍጹም ቅጣት ምት መሆን አለመሆን፣ ቀጥተኛ ቀይ ካርድና የተጫዋች ማንነት መሳሳት። ጣልቃ ለመግባትም «ግልጽና የማያሻማ ስሕተት» ወይም ዳኛው ፈጽሞ ያላዩት ከባድ ክስተት መኖር አለበት። የመጨረሻው ውሳኔ የመሐል ዳኛው ነው። ሁለተኛ ቢጫ ካርድ፣ የማዕዘን ምት ወይም በመሐል ሜዳ የተፈጸመ ጥፋት በሕጉ መነሻ ቅርጽ ከዚህ ውጪ ናቸው። ብዙ ክርክር የሚነሣው ደጋፊው ቫር «ሁሉን እንደሚያይ» ሲገምት ሕጉ ግን ጥቂቱን ብቻ እንዲያይ ስለሚፈቅድለት ነው።

ከዚህ የሚጠልቀው ልዩነት በልክና በግምት መካከል ያለው ነው። ከጨዋታ ውጪ መሆን በመርሑ የሚለካ ነገር ነው። ቢሆንም ልኩ ራሱ ወሰን አለው። በሰከንድ 50 ምስል የሚያነሣ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 0.02 ሰከንድ ያመልጠዋል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ቅጽበት 16 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ተከላካዩ በተቃራኒ አቅጣጫ በተመሳሳይ ፍጥነት እየወጣ ከሆነ ልዩነቱ 32 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ «በጣት ጫፍ ከጨዋታ ውጪ ነበር» የሚል ውሳኔ በዚህ ዓይነት ካሜራ ሲሰጥ፣ ኳሷ ከእግር የተለየችበት ምስል የትኛው ነው የሚለው የሰው ምርጫ በውስጡ አለ። በ2022 የኳታር የዓለም ዋንጫ የተተገበረው ከፊል አውቶማቲክ ሥርዓት በ12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተል ነበር፤ በኳሷ ውስጥ የተቀመጠው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልክ ነበር። ፕሪሚየር ሊጉም ከፊል አውቶማቲክ ሥርዓትን ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ተቀብሏል። ይህ የልክን ክርክር ያጠብባል።

በእጅ መንካት፣ የጥፋት ክብደትና «ግልጽ ስሕተት» የሚለው መለኪያ ግን አይለኩም፤ ይገመታሉ። እዚህ ላይ ተጨማሪ ካሜራ ተጨማሪ ማዕዘን ይሰጣል እንጂ ተጨማሪ ስምምነት አይሰጥም። ዝግ ያለ ድግግሞሽ ደግሞ አንድን ግጭት ሆን ተብሎ የተፈጸመ ሊያስመስለው ይችላል። የሚገመት ነገር ሁሉ ምክንያቱ እንዲነገር ይፈልጋል፤ የሚለካ ነገር ቁጥሩ ብቻ ይበቃዋል። የቪዲዮ ዳኝነት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ዝምታ ማስተላለፉ የክርክሩ አንዱ ምንጭ ነው።

4. ፍርድ ከነምክንያቱ፦ የሽምግልና ንጽጽር

በወሎ አካባቢ፣ የዚህን ዞን ሕዝብ ጨምሮ፣ ጠብ ወይም የደም ጉዳይ ሲነሣ ወደ ሽማግሌ መሄድ የቆየ ልማድ ነው። አማርኛው ሽምግልና፣ አፋን ኦሮሞው ጃርሱማ ይለዋል። ከሳሽና ተከሳሽ በየተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ይመክራሉ። ከዚያም ተመልሰው ውሳኔውን ምክንያቱን እያስረዱ ያሰማሉ። የተረታውም ወገን ቢሆን ለምን እንደተረታ ሰምቶ ይሄዳል።

ንጽጽሩ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሽምግልና የሚፈልገው ዕርቅ ነው፤ የጨዋታ ዳኝነት የሚፈልገው ጨዋታው በሕጉ እንዲሄድ ነው። ሽምግልናም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም፤ በተለይ የሴቶች ድምፅ በውስጡ የሚኖረው ስፍራ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ሆኖም ንጽጽሩ አንድ ነገር ያጠራል። ሽማግሌዎችም ገለል ብለው ስለሚመክሩ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መመርመር ለዚህ ባህል እንግዳ አይደለም። እንግዳው ነገር ከክፍሉ ተመልሶ ምክንያት አለመናገር ነው። ዳኛው ጣታቸውን በጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፣ በእጃቸው የአራት ማዕዘን ምልክት ይሠራሉ፣ ከዚያም ይወስናሉ። ተሟጋቹ የሰማው ነገር የለም።

ምክንያት ሲነገር ክርክሩ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ባሸነፈበት ጨዋታ የሉዊስ ዲያዝ ግብ ከጨዋታ ውጪ ተብላ ተሻረች። ግቧ ትክክለኛ ነበረች። የእንግሊዝ ዳኞች ተቋም ከጥቂት ቀናት በኋላ በቪዲዮ ክፍሉና በሜዳው መካከል የተደረገውን ንግግር በድምፅ ለሕዝብ አወጣ። የቪዲዮ ዳኛው የሜዳው ውሳኔ «ግብ ነው» የሚል መስሏቸው ምርመራው መጠናቀቁን እንደተናገሩ፣ ስሕተቱን ሲረዱም ጨዋታው እንደገና መጀመሩ እንዳገዳቸው ተሰማ። ድምፁ የውጤቱን መራርነት አላጠፋም፤ የክርክሩን ጥያቄ ግን ለወጠው። «ሆን ብለው ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ «አነጋገሩ ለምን እንዲህ ልል ሆነ?» ወደሚል ተሸጋገረ። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ጥላቻ፣ ሁለተኛው ወደ ማሻሻያ ያመራል።

የጨዋታው አስተዳዳሪዎችም ወደዚህ አቅጣጫ እየሄዱ ነው። በ2023 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኞች ከቪዲዮ ምርመራ በኋላ ውሳኔያቸውን በስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ አሰምተዋል። በሌላ በኩል የስዊድን ክለቦች አባላቶቻቸው የሆኑትን ደጋፊዎች ተቃውሞ ተከትለው በ2024 ቫርን ላለመቀበል ወሰኑ። በዚያው ዓመት ሰኔ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ዎልቭስ ቫር እንዲቀር ያቀረበውን ሐሳብ 19 ለ 1 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረጉ። በስዊድን ደጋፊው ድምፅ ነበረው፤ በእንግሊዝ ድምፁ የክለብ ባለቤቶች ነበር። የከሚሴው ተመልካች ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ያለው መድረክ የማሳያ ቤቱ አግዳሚ ነው።

5. የያሬድ ባዬ ቀይ ካርድ

ሁለቱ ጉዳዮች፣ የቪዲዮ ዳኝነትና ድካም፣ በአንድ ላይ የተገናኙበት ለኢትዮጵያዊ ደጋፊ ቅርብ የሆነ ጉዳይ በካሜሩን የተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከኬፕ ቨርዴ ጋር በያውንዴ ስትጫወት፣ የፋሲል ከነማው ተከላካይ ያሬድ ባዬ በአጥቂው ጁሊዮ ታቫሬስ ላይ በፈጸመው ጥፋት ከቪዲዮ ምርመራ በኋላ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ራሱ ታቫሬስ በመጀመሪያው አጋማሽ ጭማሪ ደቂቃ ብቸኛዋን ግብ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ ቀሪውን 80 ደቂቃ ያህል በአሥር ተጫዋቾች ተጫወተች።

በጥር 13 ከአዘጋጇ ካሜሩን ጋር በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ ግብ ቢያስቆጥርም፣ ካሜሩን ቶሎ አቻ አድርጋ በሁለተኛው አጋማሽ ሦስት ግቦች ጨመረችና ጨዋታው 4 ለ 1 ተጠናቀቀ። ቀላሉ ማብራሪያ «ከአራት ቀን በፊት በአሥር ሰው የተጫወተ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ደከመ» የሚለው ነው። በዚህ ማብራሪያ የቪዲዮው ውሳኔ የመጀመሪያውን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሁለተኛውንም ወሰነ ማለት ነው።

ማብራሪያው ማራኪ ነው፤ ሆኖም መፈተን አለበት። አንደኛ፣ ካሜሩንም የመጀመሪያ ጨዋታዋን ያደረገችው በዚያው ጥር 9 ቀን ስለነበር የዕረፍት ቀናቱ እኩል ነበሩ። ልዩነቱ በሰው ቁጥር ማነስ የተጨመረው ሩጫ ነው። ሁለተኛ፣ ድካም እየተጠራቀመ ይሄዳል ከተባለ የሦስተኛው ጨዋታ ውጤት ይበልጥ መክፋት ነበረበት። ኢትዮጵያ ግን ከአራት ቀን በኋላ በጥር 17 ከቡርኪና ፋሶ ጋር በጌታነህ ከበደ የፍጹም ቅጣት ምት ግብ 1 ለ 1 ተለያየች። ሦስተኛ፣ የካሜሩን አጥቂዎች ብቃትና የአዘጋጅነት ጉልበት ያለ ድካምም ውጤቱን ሊያስረዱ ይችላሉ። እነዚህ ነጥቦች ድካም አልነበረም አያሰኙም። የሚያሳዩት የግብ ሰሌዳ የድካም መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ነው።

6. የማይታየው ድካም

ታዲያ ድካም በምን ይታወቃል? ሞር፣ ክሩስትሩፕና ባንግስቦ በ2003 ባሳተሙት ጥናት የከፍተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ፈጣን ሩጫ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች እንደሚቀንስ፣ ተቀይረው የገቡ ተጫዋቾች ግን በዚያው ጊዜ ከሌሎቹ 25 በመቶ የበለጠ ፈጣን ሩጫ እንደሚሮጡ አሳይተዋል። ከዚህም ሌላ፣ ከጨዋታው እጅግ ብርቱ አምስት ደቂቃ ቀጥሎ ያለው አምስት ደቂቃ ከአማካዩ ያነሰ ሩጫ እንደሚታይበት አረጋግጠዋል። ይህ ጊዜያዊ ድካም ነው፤ በ20ኛው ደቂቃም ሊከሠት ይችላል። ደጋፊው «ሰነፈ» የሚለው ተጫዋች አንዳንዴ ከደቂቃዎች በፊት ከሁሉ በላይ የሮጠው ሊሆን ይችላል።

ለክርክሩ ይበልጥ የሚጠቅመው ዱፖንና ባልደረቦቹ በ2010 ያሳተሙት ግኝት ነው። በሳምንት ሁለት ጨዋታ የሚያደርጉ ተጫዋቾች የጉዳት መጠን በ1,000 የጨዋታና የልምምድ ሰዓት 25.6 ሲሆን፣ አንድ ጨዋታ ብቻ የሚያደርጉት ግን 4.1 ነበር። በአንጻሩ የሮጡት ርቀትና የፈጣን ሩጫቸው መጠን በጉልህ አልተለያየም። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በሳምንት ሁለቴ የሚጫወተው ተጫዋች በስክሪን ላይ የደከመ ሳይመስል ሰውነቱ ወደ ጉዳት ይቀርባል። «ሲሮጥ እያየነው አልደከመም» የሚለው ተከራካሪና «በዚህ መርሐ ግብር ይጎዳል» የሚለው ተከራካሪ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

የመርሐ ግብሩ መጨናነቅ በ2024 ወደ አደባባይ የወጣ ጉዳይ ሆኗል። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ወደ 36 ቡድኖች ሰፍቶ እያንዳንዱ ቡድን በመጀመሪያው ምዕራፍ ስምንት ጨዋታ እንዲያደርግ ተወሰነ፤ ፊፋም ለ2025 ባለ 32 ቡድን የክለቦች ዓለም ዋንጫ አዘጋጀ። የማንችስተር ሲቲው ሮድሪ በመስከረም 2024 ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም መቃረባቸውን ከተናገረ ከቀናት በኋላ ከአርሰናል ጋር በተደረገ ጨዋታ በጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። የአንድ ሰው ጉዳት የመርሐ ግብርን ጥፋተኝነት አያረጋግጥም፤ በደጋፊዎች ዘንድ ግን ከማንኛውም ሰንጠረዥ በላይ ያሳመነ አጋጣሚ ሆነ።

መለኪያ በሌለበት ደጋፊው ድካምን የሚገምተው በገዛ ሰውነቱ ነው። በከሚሴ ይህ በረመዳን ወር ጎልቶ ሊታይ የሚችል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ረመዳን በመጋቢት ውስጥ ስለዋለ፣ በእንግሊዝ በቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በኢትዮጵያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀመር ነበር። በከሚሴ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በመሆኑ፣ የማግሪብ አዛን የሚሰማው በጨዋታው 30ኛ ደቂቃ አካባቢ ነበር ማለት ነው። ተመልካቹ በመጀመሪያው አጋማሽ መካከል ያፈጥራል። በሜዳው ላይ ያለው ጾመኛ ተጫዋች ግን ጨዋታውን ጨርሶም አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረበት። በምሽት ጨዋታዎች ነገሩ ይለያል፦ በሚያዝያ 2021 የሌስተር ሲቲና የክሪስታል ፓላስ ጨዋታ ዌስሊ ፎፋናና ሼኩ ኩያቴ እንዲያፈጥሩ ለአፍታ ቆሞ ነበር። ቀኑን የጾመ ተመልካች ስለ ጾመኛ ተጫዋች የሚሰጠው አስተያየት የስፖርት ሳይንስ ባይሆንም ከልምድ የመነጨ ዕውቀት ነው። ጥንካሬው ርኅራኄ ነው፤ ድክመቱ የባለሙያ ተጫዋችን ሰውነት በራስ ሰውነት መለካቱ ነው።

7. ጭማሪ ደቂቃ፦ የሁለቱ ክርክሮች መገናኛ

የቪዲዮ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል፤ የተወሰደው ጊዜ በጭማሪ ደቂቃ ይመለሳል። በኳታር የዓለም ዋንጫ ዳኞች የባከነውን ሰዓት በጥብቅ እንዲያሰሉ በመታዘዛቸው፣ እንግሊዝ ኢራንን 6 ለ 2 ባሸነፈችበት ጨዋታ በሁለቱ አጋማሾች የተጨመረው ጊዜ 27 ደቂቃ ያህል ደረሰ፤ ለዚህ ትልቁ ምክንያት የኢራን ግብ ጠባቂ ጉዳት ነበር። ፕሪሚየር ሊግም በ2023/24 ተመሳሳይ ጥብቅነት ሲያስታውቅ፣ ራፋኤል ቫራን የተጫዋቾች ጤና ችላ እንደተባለ በይፋ ተቃወመ።

እዚህ ላይ ደጋፊው ከራሱ ጋር ይጋጫል። ለትክክለኛነት ሲል ረጅም ምርመራን ይጠይቃል፤ ከዚያም በ98ኛው ደቂቃ ተከላካዩ ሲንሸራተት «ደክሟል» ይላል። ለትክክለኛ ውሳኔ የሚከፈለው ዋጋ በከፊል ከተጫዋቹ እግር እንደሚወጣ በግልጽ አይነገርም። በ2020 ለጊዜው ተፈቅዶ በ2022 ቋሚ የሆነው የአምስት ተጫዋቾች ቅያሪ ይህን ዋጋ ያቃልላል፤ የሚጠቅመው ግን ጥሩ ተቀያሪ ያለውን ቡድን ነው። ስለዚህ የቫርና የድካም ጥያቄ በመጨረሻ ወደ አቅም እኩልነት ጥያቄ ይመለሳል።

8. ድግግሞሽ የሚያይ ተመልካች፣ ድግግሞሽ የማያይ ዳኛ

ይህ ሁሉ ለአገር ውስጥ እግር ኳስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መሰራጨት ጀመረ። ያለ ቪዲዮ ዳኝነት የተላለፈው ይህ ሥርጭት ያልታሰበ ውጤት ነበረው፦ በማሳያ ቤት ያለው ተመልካች አጠራጣሪውን ክስተት በድግግሞሽ ሲያይ፣ ውሳኔውን የሰጡት ዳኛ ግን አንዴ ብቻ፣ በሩጫ ላይ ሆነው አይተውታል። ተመልካቹ ከዳኛው የበለጠ ያያል፤ ዳኛው ግን ከተመልካቹ የበለጠ ይጠየቃሉ።

ሸክሙ ቀላል አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በመከላከያና በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ላይ ከተቆጠረች ግብ ጋር በተያያዘ ተቃውሞ የመሐል ዳኛው በሜዳ ላይ ተደብድበው ሊጉ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። መሣሪያ መኖሩ ብቻም ዋስትና አይሆንም። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. በራዴስ በተካሄደው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የዊዳድ ግብ ስትሻር ቫር እንዲታይ ተጠየቀ፤ መሣሪያው ግን አይሠራም ነበር። ዊዳዶች መጫወት እምቢ አሉ፤ ጉዳዩም እስከ ስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ደርሶ ዋንጫው በመጨረሻ ለኤስፔራንስ ጸና። ቃል የተገባለት መሣሪያ ሲጠፋ የሚፈጠረው ቁጣ መሣሪያ ከሌለበት ይብሳል።

ኢትዮጵያ የባለሙያ እጥረት ብቻ ነው ያለባት ማለት አይቻልም። ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት 36 የመሐል ዳኞች አንዱ ነበሩ። ጎልቶ የሚታየው የወጪና የመሠረተ ልማት ጉዳይ ነው። ለዚህ ፊፋ በ2024 በወጣት ውድድሮች መሞከር የጀመረው ቀለል ያለ የቪዲዮ ድጋፍ ትኩረት ይገባዋል። በዚህ አሠራር የተለየ የቪዲዮ ክፍል የለም፤ አሠልጣኙ በጨዋታ እስከ ሁለት ጊዜ ምርመራ ይጠይቃል፣ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ከተገኘም መብቱ አይነካበትም፤ ምስሉን የሚያዩት ራሳቸው የመሐል ዳኛው ናቸው። አሠራሩ በጥቂት ካሜራም ይሠራል። ከዚህም በላይ ከሽምግልናው ጋር የሚመሳሰል ባሕርይ አለው፦ ተበደልኩ ባዩ አቤቱታውን ራሱ ያቀርባል፣ ፈራጁም በሕዝብ ፊት አይተው ይፈርዳሉ።

የድካሙም ጥያቄ በአገር ውስጥ የራሱ መልክ አለው። የሊጉ ቡድኖች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው በአጭር ቀናት ልዩነት ሲጫወቱ ቆይተዋል። ብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ የአገሪቱ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ ባለማሟላታቸው «የሜዳው» ጨዋታዎችን በውጭ አገር ለማድረግ ተገድዷል። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈውም በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የጉዞ ድካም በቴሌቪዥን አይታይም፤ ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ብቃት የሚደረግ ክርክር ግን ያለ እርሱ ሙሉ አይሆንም።

9. መደምደሚያና ለቀጣይ ጥናት የሚሆኑ አቅጣጫዎች

ከላይ የቀረበው ትንተና ወደ አንድ ነጥብ ያመራል። የቪዲዮ ዳኝነት ዓይንን አበዛ፤ ምክንያትን ግን በዚያው ልክ አላሰማም። የስፖርት ሥርጭት ሩጫን አሳየ፤ ድካምን ግን አላሳየም። ደጋፊ የሚሞግተው በእነዚህ ሁለት ባዶ ስፍራዎች ውስጥ ነው፤ ሙግቱም አላዋቂነት ሳይሆን የጎደለን ማስረጃ የመፈለግ ጥረት ነው። ስለዚህ ካሜራ መጨመር ብቻውን ክርክሩን አይፈታም።

ለአገር ውስጥ ውድድር አመራር ከዚህ የሚወጣው ምክር ወጪው አነስተኛ ነው። የቪዲዮ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊትም ቢሆን፣ በየሳምንቱ አከራካሪ የሆኑ ውሳኔዎች ከሕጉ አንቀጽ ጋር እየተገናዘቡ በዳኞች አካል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ቢብራሩ፣ ዳኛው ብቻቸውን ከሚሸከሙት ጥርጣሬ የተወሰነው ይቀልላል። የቡድኖች የዕረፍት ቀናትና የጉዞ ርቀት ከውጤት ሰንጠረዡ ጎን ቢታተሙም የድካም ክርክር ከግምት ወደ መረጃ መሸጋገር ይጀምራል።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ሦስት የመስክ ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። የመጀመሪያው የቋንቋ ነው፦ በከሚሴና በባቲ ማሳያ ቤቶች ደጋፊዎች ስለ ውሳኔ ሲከራከሩ የሽምግልና ቃላትን ከአፋን ኦሮሞና ከአማርኛ ምን ያህል ይዋሳሉ? ሁለተኛው የማሳመን ነው፦ ምክንያቱ የተነገረ ውሳኔና ያልተነገረ ውሳኔ በተመሳሳይ ተመልካቾች ፊት ሲቀርቡ የመቀበል ልዩነት ይታያል? በዚህ ጥናት የስፖርት ውርርድ ተሳትፎ ተለይቶ መያዝ አለበት፤ ገንዘብ ያስያዘ ተመልካች ፍርዱን የሚቀበልበት መንገድ ሊለይ ይችላልና። ሦስተኛው የድካም ነው፦ በረመዳንና ከረመዳን ውጪ ተመልካቾች ስለ ተጫዋቾች ድካም የሚሰጡት ግምት ይለያያል? ማሳያ ቤት በአብዛኛው የወንዶች ስፍራ በመሆኑ፣ ጨዋታውን በቤታቸውና በስልክ የሚከታተሉ ሴቶችን ያላካተተ ናሙና የደጋፊውን ሁሉ ድምፅ እንደያዘ ሊቆጠር አይገባም።